የነሐሱ ቀለበትና ብርቱው ዘይት

መኪናውን እንደ በኩር ልጁ የሚያይ አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ ትርንጎ፣ ፊትሽን አታዙሪ። «ሁለቱን ልጆቼን በአንድ እጅና በአንድ ምላስ አሳደግኋቸው፤ ትልቁ ሰው ሲሆን ትንሿ ለምን ዘጋችኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጠያቂ መልሱን ቁጭ ብሎ ይሰማል። የመኪና ነገር ምን ሊረባኝ አትበይ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና አርባ ዓመት ጋራዥ ሲከፍት ሲዘጋ ዘይት ስቀዳለት የኖርኩት እኔ ነኝ። ፊደል ባልቆጥርም ዘይት በጣቴ አሽቼ እለያለሁ።

የሰውየው መኪና አሮጌ ነበረች። የፊተኛውን ሞተሯን አውርዶ ከሌላ መኪና የተፈታ ትልቅ ሞተር ገጠመላት። ጎማዋን አሰፋ፣ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ጣለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲገባ እራቱን እንኳ ሳይቀምስ ከሥሯ ይገባ ነበር። ሚስቱ ለጎረቤት «ያገባሁትን ሰው መልኩን ረሳሁት፤ ጫማውን ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ» እያለች ታስቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሳቁ አለቀና ድካሙ ቀረ። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

«ስማ፣ እኔ ከብረት ጋር ጣውንት መሆን ሰልችቶኛል። በጥር የዳገቱ ውድድር አለ አይደል? ግባበት። ተራራው ጫፍ ከደረሰች ግቢው የሷ ይሁን፣ ትንፍሽ አልልም። መንገድ ላይ ከቀረች ግን ትሸጣታለህ።»

ሰውየውም ደክሞት ነበርና «እሺ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። የሦስት ዓመት ድካሙ በአንድ ዳገት ላይ ተሰቀለ።

አዲሱ ሞተር ጉልበቱ ከልክ አለፈና ዲፈረንሻሉን ማኘክ ጀመረ። ዲፈረንሻል ማለት ከመኪና ሥር ከበስተኋላ ያለው ድቡልቡል ነገር ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላ ጎማዎች ያካፍላል። ሁለት ጊዜ ጥርሱ ረገፈ። ሰውየው አንድ ቁጡ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። ሽማግሌው የፈሰሰውን ዘይት አሽቶ አየና፣

«አንተ ሰው፣ ሞተሩን ጎረምሳ አድርገህ ዘይቱን የባልቴት ትተውለታለህ?» አለው።

ከጓዳው ወፍራም፣ ድኝ ድኝ የሚሸት ዘይት አወጣ። «ይኸ ብርቱ ነው። ብረትና ብረት ሲፋጩ መሃል ገብቶ ሸክሙን ይችላል» ብሎ ሞላለት። እውነትም ከዚያ በኋላ ዲፈረንሻሉ ጸጥ አለ።

ሰውየው ደስ ብሎት «ለካምቢዮውስ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ፤ ማርሽ ስለሚለወጥበት ሳጥን መሆኑ ነው።

«ካምቢዮው ምን አለህ? የራሱን ቀጭን ዘይት ይዟል። ተወው።»

ሰውየው ግን ነገሩ ከነከነው። በግንቦት አንድ እሑድ ብቻውን ሆኖ የተረፈውን ብርቱ ዘይት እያየ አሰበ። የኋላውን ያዳነ የመሃሉን ምን ይነሳዋል? ደግ ነገርን ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ አድልዎ አይደለም ወይ? ተንጋለለና ከሥሯ ገባ፤ ገና ያልጠቆረውን የካምቢዮ ዘይት ደፋ፤ በምትኩ ብርቱውን ሞላ። ሲወጣ ልቡ ሞቆ ነበር። ለልጆቹ ሁሉ እኩል ያለበሰ አባት መሰለው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማርሹ መግባት አስቸገረው። «ገና አልለመደውም» ብሎ በኃይል ገፋው። በኅዳር ማርሽ ሲለውጥ ከውስጥ የሚንቋቋ ድምፅ መጣ። ሰውየው ደነገጠ። ምን አደረገ መሰለሽ? ያንኑ ብርቱ ዘይት አዲስ ገዝቶ ቀየረላት። ቀን ከሌት ለፍቶባት ስለምን እንደምታለቅስ አልገባውም።

የጥር ውድድር ደረሰ። ሕዝቡ ዳገቱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል። መኪናዋ እንደ ነብር ተነሣች፤ ስድስት ጥምዝምዝ እየጎተተች ወጣች፤ ዲፈረንሻሉ ሲጥ አላለም። ሰባተኛው ላይ ዳገቱ ቀጥ አለ። ሰውየው በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ ዘንጉን ሳበ። ግርርር አለ። ደገመው፤ ግርርር። ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ጉልበት አልደረሰውም። ከኋላው የነበሩት በአጠገቡ አለፉ።

ከሕዝቡ መሃል አንዱ «ጌታው፣ ጥማድ በሬ ላምጣልህ?» አለውና ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሰውየው አልተቆጣም። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣ። ዘንጉን እንደያዘ ወደ ዳር አወጣትና የተራራውን ጫፍ ቀና ብሎ አየው። ቅርብ ነበረ።

ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ በገመድ ተጎትታ ሄደች። ሽማግሌው የካምቢዮውን ቡሽ ፈታና ዘይቱን በመዳፉ ተቀበለ፤ ወደ ፀሐይ አዙሮ አሳየው። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብናኝ ያብለጨልጫል።

«ወርቅ አወጣህ» አለው።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቀለበቶችህ ናቸው። በዚህ ሳጥን ውስጥ ትናንሽ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ሁለት ማርሽ በየራሱ ፍጥነት ሲሮጥ መሃል ይገቡና አንዱን ያዝ፣ ሌላውን ለቀቅ አድርገው ያስማሟቸዋል። ያለ እነሱ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ለዚህ ሥራ ለስላሳ መሆን አለባቸው። ያ ዘይት ብረትን ያለብሳል፣ ነሐስን ግን ይበላል።»

«ከዘይት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው እኮ!»

«ለማን?» አለ ሽማግሌው።

ቀጥሎም «ሲንቋቋ ስትሰማ ምን አደረግህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ያንኑ በአዲስ ቀየርኩላት።»

ሽማግሌው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

በሳምንቱ ገዢ መጥቶ መኪናዋን ወሰዳት። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየች፤ አሸነፍኩ ብላ አልሳቀችም። እሱም ጫማውን አውልቆ ቁጭ አለ። ንፉግ ቢሆን፣ ሰነፍ ቢሆን ራሱን ሰድቦ በወጣለት። ከሁሉ የሚሻለውን ሰጥቶ ያጠፋ ሰው ግን ምን ብሎ ራሱን ይሰድባል?

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

ትልቁ ልጅሽ ዲፈረንሻሉ ነው፤ ሸክም የሚወድቅበት፣ ሲፋጭ የሚውል ብረት። ያ ኃይለኛ ምላስሽ ለእሱ ልብስ ሆነው፤ ሰውም ወጣው። ትንሿስ? አንቺና ባልሽ ስትጣሉ «እማዬ እንዲህ ማለቷ ነው፣ አባዬ እንዲያ ማለቱ ነው» እያለች መሃል የምትገባው ማን ነበረች? ቤታችሁ ያን ሁሉ ዓመት ሳይንቋቋ የሄደው በማን ይመስልሻል? ነሐሷ እሷ ነበረች። የወንድሟን መድኃኒት አፈሰስሽባት። ዝም ስትል «አልበረታችም» ብለሽ ያንኑ ደገምሽላት። እኩል አሳደግኋቸው ትያለሽ፤ እኩልማ አሳድገሻል።

ትድናለች ብዬ አልምልልሽም፤ ለመማልም ደክሞኛል። የተበላ ነሐስ አይመለስም። ሰው ግን ጨርሶ ካልተበላ አንዳንዴ ይመለሳል፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ሂጂ። ምክር ይዘሽ አትሂጂ። «ለምን ዘጋሽኝ» እንዳትያት፤ እሱም ያው ዘይት ነው። «ምን ጎዳሁሽ?» በያትና ዝም በይ። ዝምታው ከከበደሽም ቻዪው፤ እሷ ስንት ዓመት ችላዋለች።