የተቀበረው ጣሪያ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ትርንጎን ብቻውን ያሳደገ። ጥያቄህን አልረሳሁትም ልጄ። ሕግ አውጥተን፣ አጥር አጥረን፣ ሕዝቡ ለምን አይታዘዘንም ብለኸኛል። እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ስማኝ።

ይህ ሰው ልጁን ዳረ፤ እሷም ክረምቱ ሲጠና ወለደች። ቤቷ ያፈሳል። የክዳኑ ሣር አርጅቷል፤ ለቆርቆሮ ደግሞ አቅም የለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር አራሷ ሕጻኗን ታቅፋ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትሸሻለች። ይህን የሚያይ አባት ምን እንቅልፍ አለው?

በዚያው ሰሞን ከከተማ ሰዎች መጡና የመንደሩን አሮጌ ክሊኒክ ጣሪያ ማውረድ ጀመሩ። አስቤስቶስ የሚሉት ነው፤ ከቆርቆሮ የወፈረ፣ ዝናብ የማያሳልፍ፣ ዝገት የማያውቀው። ሰዎቹ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። ጣሪያውን በውሃ አራሱት፣ በፕላስቲክ ጠቀለሉት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያ በሽቦ አጠሩና «መቆፈር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከሉበት።

ሰውየው ቆሞ ሲያይ ዋለ። በመጨረሻ ወደ አለቃቸው ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ደህናውን ጣሪያ ለምን ትቀብሩታላችሁ?» አለ።

«መመሪያ ነው አባቴ» አለው አለቃው። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «እባክዎ ከዚህ ዞር ይበሉ።»

ይኸው ነው የነገረው። መኪናቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

እስኪ አንተ ከዚህ ምን ትረዳለህ? በሰውየው አገር ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብረው ሁለት ነገር ነው፤ ሬሳና እህል። ይህ ሬሳ አይደለም። እህል የሚቀብር ደግሞ ቆይቶ ሊያወጣው ነው። እነዚህም ዞር ስንልላቸው በመኪና ሊጭኑት ነው አለ በልቡ። የእኔ ልጅ ዝናብ እየወረደባት እነሱ ሊሸጡት!

ስለዚህ መንደሩ ገበያ የወጣበትን ቀን ጠብቆ ሽቦውን ፈልቅቆ ገባና ቆፈረ። በአህያ እያመላለሰ ልጁ ግቢ አደረሰው። እዚያው እሱ በመጋዝ ሲቆርጥ፣ ትርንጎ ሕጻኗን አዝላ ጫፉን ትይዝለታለች። ብናኙ ፀጉሯ ላይ፣ ሕጻኗም ግንባር ላይ እንደ ዱቄት አረፈ። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችላት፣ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ጠዋት ተነሥታ፣ «አባባ፣ ዘንቦ ኖሯል እንዴ?» አለችው። በዕድሜው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ዓመታት ሄዱ። ሕጻኗ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ትርንጎ ግን ውሃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ጠበሉም ሽሮፑም አልረዳት ሲል አባቷ ከተማ ሆስፒታል ወሰዳት።

«የትኛው ፋብሪካ ነበር የምትሠሪው?» አላት ሐኪሙ የሳንባዋን ራጅ አይቶ።

«ፋብሪካ በዓይኔም አይቼ አላውቅ» አለችው።

ሐኪሙ ጥያቄውን ወደ ቤታቸው፣ ከቤታቸውም ወደ ጣሪያው ወሰደው። ያን ጊዜ አባትየው ሁሉንም ነገረው። ሐኪሙም አልደበቀው። ያ ጣሪያ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም፣ ስንት ዓመት አድፍጦ ቆይቶ ይገድላል፤ መድኃኒትም የለውም አለው።

«ሰሌዳ አልነበረም?» አለ ሐኪሙ።

«ነበረ። ክልክል ነው ይላል። እንዲህ ነው ያለኝ ሰው ግን የለም» አለ ሰውየው። እንዲህ ነው ያለኝ የለም፣ እንዲህ ነው ያለኝ የለም እያለ ነው መንገዱን የጨረሰው።

ጣሪያውን እንዲያነሡለት ያኔ ሰዎቹን የላከው ቢሮ ሄዶ ለመነ። መመሪያው የመንግሥት ሕንፃን እንጂ የግለሰብ ቤትን አይመለከትም ብለው መለሱት። ራሱ እንዳያፈርሰው ብናኙ ይነሣል፤ እንዳይተወው ልጁ ከሥሩ ተኝታለች። ምን ያድርግ?

ትርንጎ በክረምት ሞተች። ለቅሶው ላይ ዝናብ ጣለና ሰው ሁሉ ሮጦ እዚያው ጣሪያ ሥር ተጠለለ። አባትየው ብቻ ደጅ ቆሞ ቀረ። «ኧረ ይግቡ አባቴ፣ ይታመማሉ» ይሉታል ከውስጥ ሆነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ጉድጓድ የእናንተ ሕግ ነው። ክፉ ሕግ አይደለም። ያወረዱትን ሠራተኞች አድኗል፣ አንዳቸውም አልሳሉም። ነገር ግን ምክንያቱን ከጣሪያው ጋር ጠቅልላችሁ ቀበራችሁት። ሰውየው ሲቆፍር ጣሪያውን አገኘ፤ ምክንያቱን አላገኘም። ለምን አይታዘዘንም ትላለህ፤ ማን ነገረውና? ዛሬ ሄደህ ልትነግራቸው ካሰብክ ሂድ፣ አልከለክልህም። ለትርንጎ ግን አይደርስም። ያች ሕጻንም አሁን የልጆች እናት ሆና፣ ሌላ መጠጊያ የላትምና እዚያው ቤት ትኖራለች። ሰሞኑን ሳገኛት ስታስል ሰማኋትና ምን ሆንሽ አልኳት። ጉንፋን ነው አለችኝ።