ዛጎል አምባና የፍልሰታው መረቅ

በላይ ጋይንት፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተ ምሥራቅ፣ አናቱ ላይ የድንጋይ ክምር ያለበት አነስተኛ ኮረብታ አለ። ስሙ ዛጎል አምባ ነው። ባሕር ከዚያ በእግር የሳምንታት መንገድ ነው፤ ሆኖም በክምሩ ምዕራባዊ ጎን ባለች ሽንቁር ውስጥ መዳፍ የሚያህል ነጭ የባሕር ዛጎል ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዛጎል አለመሆኑን ካህናቱ ራሳቸው አይደብቁም፤ ጥንታዊው ተሰብሮ የአሁኑን አንድ ነጋዴ ከምጽዋ እንዳመጣው ይናገራሉ።

የአካባቢው ሰዎች ሌላ ቦታ የማይታወቁ ሁለት ልማዶች አሏቸው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሲሸኙ «በሰላም ግባ» ከማለታቸው በፊት «ቢሰጡህ ጠጣ» ይሉታል። ከሩቅ አገር መርዶ ሲመጣ ደግሞ ከማልቀሳቸው በፊት «ሁለተኛው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሞቱን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች ካልመሰከሩ ተዝካር አይወጣም። ሁለቱም ልማዶች በአንድ ሰው ምክንያት እንደ መጡ ይነገራል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የሆነው ከግራኝ ዘመን በፊት ነው። ሠርጸ ጴጥሮስ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ወለተ ሣራ በምጥ ተይዛ ሦስት ቀን ስትጨነቅ፣ አንድ መንገደኛ መነኩሴ ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ በምዕራብ ዳርቻ፣ በእስጳንያ አገር ተቀብሯል ብሎ ያወራውን አስታውሶ፣ «እሷን ብታተርፍልኝ በእግሬ መጥቼ መቃብርህን እሳለማለሁ» ብሎ ተሳለ። ሕፃኑ ሞተ፤ ወለተ ሣራ ተረፈች። ሠርጸም ስለቱ ሰምሯል ብሎ ለመንገድ ተነሣ። አብሮት የሄደው የደብሩ ደብተራ ዘወንጌል ነው፤ ይህ ሰው ስለት አልነበረበትም፣ አገር ማየት ግን ይወድ ነበር ይባላል።

እስከ ኢየሩሳሌም የተጓዙት ከተሳላሚ መነኮሳት ጋር ነው። እዚያ ሲደርሱ የሐበሾቹ ማኅበር አለቃ «እስጳንያ የእኛ መንገድ አይደለም» ብለው ደብዳቤም መሪም ስለከለከሏቸው ሁለቱ ለብቻቸው ወጡ። ያለ ማኅበር፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ከወደብ ወደብ እየተሻገሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ወደሚሰማበት እየታጠፉ፣ ከአገራቸው በወጡ በሦስተኛው ዓመት የያዕቆብ ከተማ ደረሱ።

ከተማይቱ በግራጫ ድንጋይ የተሠራች፣ ዝናብ የማያባራባት እንደ ነበረች ይነገራል።

«ክረምቱ ከጋይንት ተከትሎን መጣ እንዴ?» አለ ሠርጸ።

«ተከትሎን አይደለም፣ ቀድሞን ነው» አለው ዘወንጌል።

ከየአገሩ የመጡ ተሳላሚዎች በበሩ ያለውን የድንጋይ ዓምድ እየዳሰሱ ይገቡ ስለነበር ድንጋዩ በጣት ልክ ጎድጉዶ ነበር። ሁለቱ ግን እንደ አገራቸው ደንብ ጫማቸውን አውልቀው መድረኩን ለመሳም ሲያጎነብሱ፣ የበሩ ጠባቂ የወደቀባቸው ነገር ያለ መስሎት አብሯቸው መሬት መሬቱን ፈለገ። ከመቃብሩ ተሳልመው ሲወጡ፣ እዚያ የደረሰ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የባሕር ዛጎል በልብሳቸው ላይ አንጠለጠሉ። የስለቱ ነገር እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻል ነበር።

በማግሥቱ ሠርጸ በትኩሳት ወደቀ። በእንግዶች ማደሪያ ሕሙማንን የምታገለግል አንዲት አሮጊት የሥጋ መረቅ በጎድጓዳ ሳሕን አመጣችለት። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ሠርጸ ሳሕኑን በእጁ ገፋ።

«ጠጣ» አለው ዘወንጌል። «ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይፈቅዳል።»

«ለራስህ ፍቀድ። እኔ ስለቴን በሥጋ መረቅ አልዘጋም።»

«ሙትና ዝጋው እንግዲህ።»

ሴትዮዋ ቋንቋቸውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ይሆናል፤ በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን ያንኑ መረቅ ይዛ ተመለሰች። እሱም ሳይቀምስ መለሰላት። በሦስተኛው ቀን ወደ ወደቡ የሚወርዱ ተሳላሚዎች ተነሡ። ክረምታቸው ሳይገባ የሚሄድ የመጨረሻው መርከብ እንደሆነ ለዘወንጌል በምልክት አስረዱት። ዘወንጌልም ጓደኛው እስኪመሽ አይቆይም ብሎ አሰበና፣ ሁለቱን ዛጎሎች ይዞ አብሯቸው ወረደ።

አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ ከቦ «ሠርጸስ?» አለው። እዚህ ላይ አፈ ታሪኩ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዶች «ሳይሞት አይቀርም» ብሎ ነበር፣ ቃሉ ከአፍ አፍ ሲሄድ «ሞተ» ሆነ ይላሉ። ብዙዎቹ ግን «በእጄ ቀበርኩት» አለ ይላሉ። ሁለተኛው የሚያመዝን ይመስላል፤ የሠርጸን ዛጎል ለወለተ ሣራ የሰጣት እሱ ነውና። ደግሞም «እያጣጣረ እንኳ መረቁን ገፋ፤ ጾሙን ሳይገድፍ ሞተ» ብሎ ጨመረ። መረቁን መግፋቱ እንኳ እሱ እስካየው ድረስ እውነት ነበር።

መንደሩ በዚህ ኮራ። ለሠርጸ ትልቅ ተዝካር ወጣ። አስከሬን ስላልነበረ ዛጎሉ ፍትሐት ተደርጎለት በደብሩ ቅጽር ተቀበረ። ስሙ ከሙታን ጋር እንዲጠራ መሬቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ወለተ ሣራ መነኰሰች። እናቶች ጾም ያስቸገራቸውን ልጆች «የሠርጸን ታሪክ አልሰማህም?» ማለት ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ሠርጸ ጴጥሮስ በእግሩ ገባ። ሲደርስ ካህኑ አባ ክፍሎም የሙታንን ስም እየጠሩ ነበር፤ እሱም ከደጀ ሰላሙ ሆኖ «ነፍሰ ገብርከ ሠርጸ ጴጥሮስ» ሲባል ሰማ። ሕዝቡ ሲወጣ በዋርካው ሥር ቆሞ አገኙት። ያላወቀው ሰው አልነበረም። ችግሩም ያው ማወቃቸው ነበር።

ከኋላ አንዱ፣ «በዚያ ያሉት ዘመዶቻችን እንዴት ሰነበቱ?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

«የሞተ ሰው እንዲህ አይወፍርም» አለች አንዲት ሴት።

ዘወንጌል ያን ጊዜ የተማሪዎች አለቃ ሆኖ ነበር። «እኔ ስለየው እስትንፋስ አልነበረውም» አለ።

«ዘወንጌል» አለ ሠርጸ፣ «‹ደህና ሁን› ስትለኝ ‹አሜን› ብዬሃለሁ እኮ።»

ከዚያ ወለተ ሣራ ቆቧን ጭና፣ ፊቷን በነጠላ እንደ ሸፈነች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ስለ መንገዱ አልጠየቀችውም። «መረቁን ጠጣኸው?» አለች።

«ጠጣሁት» አለ። «ዘወንጌል በሄደ በማግሥቱ። አሮጊቷ አራተኛ ጊዜ መጣች፤ አፈርኳት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሕይወት መገኘቱ ራሱ መረቁን ለመጠጣቱ ምስክር ነበርና፣ እሱ ባይናገርም በመጨረሻ የሚደርሱበት ነገር ነው። አባ ክፍሎም ወደ ጎን ወሰዱት። ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ እንደሚፈቅድ ከዘወንጌል ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተናገሩትም።

«ልጄ፣ አንተ አይደለህም አንልህም። ግን ተዝካርህን በልተናል። ፍትሐትህን አድርሰናል። መሬትህ የታቦቱ ነው፤ ሚስትህም የእግዚአብሔር። አንድ መንገድ አለ። ሞቼ ነበር፣ ሐዋርያው አስነሣኝ በል። እኔ ደወል አስመታለሁ፤ መሬቱም ቤቱም ይመለሳል።»

ሠርጸ ወደ እርሻው ዞረ ይላሉ። መሬቱ ከቆመበት ይታየው ነበር፤ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል።

«አልሞትኩም፣ አባ። መረቅ ነው የጠጣሁት።»

«ማን ይጠይቅሃል?»

«እሷ ጠየቀችኝ። ሁሉም ሰምቷል።»

ከዚያ ወዲያ ያባረረው የለም፤ የተቀበለውም የለም። ከኮረብታው ላይ ጎጆ ቀለሰ። ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት ጥቂት ነበር፤ ለሙት ሰላምታ መመለስ ነውር ነው ይባል ነበርና። ሰንበት ሰንበት ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ ካህናቱም ከመሬቱ ስለሚበሉ መጥራቱን ሊተዉት አልቻሉም። ይህ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ ይላሉ፤ ዐሥራ ሰባት የሚሉም አሉ።

በእውነት ሲሞት ሌላ ችግር ተነሣ። በስሙ መቃብር አለ፤ ዛጎሉ ተኝቶበታል። ለአንድ ሰው ሁለት ፍትሐት፣ ሁለት ተዝካር አይደረግም ተባለ። ስለዚህ በኮረብታው ላይ ያለ ካህን ተቀበረ። ከቀባሪዎቹ አንዱ ዘወንጌል ነበር። በማግሥቱ ጠዋት በቅጽሩ ያለው መቃብር ተቆፍሮ ባዶውን ተገኘ፤ ዛጎሉ ኮረብታው ላይ፣ ከድንጋዩ ክምር ውስጥ ነበር። ያመጣችው ወለተ ሣራ እንደሆነች ሁሉም አወቀ፤ እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁለቱን ልማዶች ያዘ፤ ማን እንደ ደነገጋቸው የሚያስታውስ የለም።

ልማዶቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ከኮረብታው ግርጌ የምትኖረው ወይዘሮ አስካለ ታናሽ ልጇን ማንደፍሮን ወደ ሊቢያ ስትሸኘው ደጃፏ ላይ «ቢሰጡህ ጠጣ» ብላዋለች። በዓመቱ ከባሕር ማዶ አንድ ወጣት ደወለ፤ ጀልባው ሰጥሟል፣ ማንደፍሮ ሲሰጥም አይቻለሁ አለ። በስልኩ ዙሪያ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «ሁለተኛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለተኛ የለም፣ አባባ» አለ ልጁ። «የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። አስካለ በየዓመቱ ሚያዝያ ዐሥራ ሰባት፣ በያዕቆብ ዕለት፣ ለተዝካሩ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በየዓመቱም አንድ ምስክር አይበቃም ይሏታል። ልማዱ የመጣው ሰው እንዳይበደል ነው ብለው ያስረዷታል። ያን ዕለት በማርያም ቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም ሲጠራ፣ መሬቱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና፣ ሠርጸ ጴጥሮስ ዛሬም ይጠራል። ማንደፍሮ አይጠራም።