ኖራ አፍሳሹ

አንድ ሰው ነበረ። «ሊፒድ ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም በሴሉ ውስጥ ሞልቶ ሳለ፣ የሴሉ ሽፋን ላይ የሚያደርሰው ለምን አስፈለገው?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ልጄ፣ በዚህ ሰው ልመልስልሽ።

የሚኖረው ወንዝ ዳር ነው። መንደሩን ከወንዙ የሚለየው የአፈር ክትር ነበር። ክረምት ሲበረታ ክትሩ እንደ ቅቤ ያሟልጫል፤ ማንም ብቻውን አይቆምበትም። የሰውየው ሥራ ክትሩ በላላበት ቦታ ላይ ኖራ ማፍሰስ ነበር። የመንደሩ ሰዎች አፈር የሞላ ጆንያ ተሸክመው ይጠብቃሉ፤ ነጩን ምልክት ሲያዩ እዚያ ይደረድራሉ። ቀድሞ በየቦታው እየጣሉ ክትሩን በክብደት አፍርሰውት ስለነበር፣ «ኖራ ሳይታይ ጆንያ አይወርድም» የሚል ሕግ አውጥተው ነበር።

ኖራ አፍሳሹ የሚወጣው ከአንዲት ሴት ጋር በገመድ ተያይዞ ነው። እርሷ ጭቃው ላይ ችካል እየተከለች ትመራዋለች። ከላይ ደግሞ የክትሩ ጠባቂ የላላውን ቦታ አይቶ ለጥሪ ቅርንጫፍ ያነሣል፤ ሲደርሱም እጁን ዘርግቶ ይይዛቸዋል። ችካሉ ብቻውን አይበቃም፣ የጠባቂውም እጅ አይበቃም፤ ሁለቱ ሲተባበሩ ሰውየው ይቆማል።

አንድ ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ሰውየው በሰው ፊት ሴቲቱን፣ «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ኖራው የእኔ፣ እጁ የእኔ! እንደ መዥገር ተጣብቀሽብኝ ትኖሪያለሽ» አላት።

«እንግዲያው ያለ መዥገር ውጣና እንይህ» አለችው።

ያን ዕለት ጠባቂው ቅርንጫፉን አነሣ። ሰውየው ኖራውን ይዞ ሮጠ። ሴቲቱ አየችው፤ ገመዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ወጣ፣ ተንሸራተተ። እንደገና ወጣ፣ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ኖራው ከእጁ አመለጠና ከሥር ባለው ኩሬ ተደፋ። ኩሬው እንደ ወተት ነጣ፤ ክትሩ ላይ ግን አንዲት ነጭ ነጥብ አልነበረችም።

«እዚህ ነው! እዚህ ጣሉ! አራሷ ከሥር ናት!» እያለ ጠባቂው ጮኸ። ከክትሩ ሥር ባለችው ጎጆ የተኛችው የጠባቂው ሚስት ናት፤ ከወለደች ስድስት ቀኗ ነበር።

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ኖራው የታለ?»

«እኔ አላየሁም።»

«ሳይታይማ እንዴት ይወርዳል? ያን ጊዜ ያፈረስነውን ረሳኸው?»

ጆንያው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ክትሩ ተበጠሰ። ሴቲቱ እየሮጠች ስትደርስ የአራሷ ጎጆ በቦታዋ አልነበረችም። እናቲቱን በማግስቱ አገኟት፤ ሕፃኑን ግን አላገኙትም።

ልጄ፣ ያ ሰው የጠየቅሽኝ ካይኔዝ ነው። በሴሉ ውስጥ ሲዋኝ ቢውል፣ ምልክት የሚያደርግበት ቅባት ያለው ሽፋኑ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብቻውን አይጸናም። አብረውት የተጣመሩት ፕሮቲኖች እንደ ሴቲቱ ይመሩታል፤ ሽፋኑ ላይ ነቅቶ የቆመው ፕሮቲን እንደ ጠባቂው ይጠራዋል፣ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ቅባቱ ላይ ፎስፌት የሚባለውን ምልክት ያኖራል፤ ሌሎቹ ሠራተኛ ፕሮቲኖች የሚመጡት ያንን አይተው ነው። ምልክቱ ከሌለ፣ ሸክማቸውን እንደያዙ ይቀራሉ። በዚያ መንደር ጉልበትም፣ ኖራም፣ ሰውም አልጎደለም። የጎደለው የሚያደርስ ነው።

በሴል ውስጥ አጋር ሳይመጣ ቢቀር ማንም አይወቀስም፤ ፕሮቲን ኅሊና የለውም። እኛ ግን አለን።