መጣሁልሽ የተባለችው ልጅ

ተረት ላውራላችሁ? «አውሪልን!» በሉኝ። ኧረ በዚህ ድምፅስ አላወራም! ከፍ አድርጉት እንጂ! «አውሪልን!» እንደሱ! አሁን ልቤ ሞቀ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ምላሳችሁን ያዙልኝ።

በድሮ ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች መንደር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ባዩህ ይባላል። አንጓች ብልህ ናት። ባዩህ ደግ ሰው ነው፣ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ግን አንድ አመል ነበረበት። ምን መሰላችሁ? ጅብ አይፈራም፣ ሽፍታ አይፈራም፣ የሰው አፍ ግን ይፈራል። ጥቁር በሬ ልግዛ ሲል «ሰው ምን ይላል?» ቤቴን ላስፋ ሲል «ሰው ምን ይላል?» ሲያስነጥሰው እንኳ ዙሪያውን አይቶ ነበር የሚያስነጥሰው።

ሰባት ዓመት ልጅ አልወለዱም። አንጓች በየማለዳው ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪልኝ?» ትል ነበር። በስምንተኛው ዓመት መጣች! ሴት ልጅ! ገና ከመወለዷ ጮኸች፤ እንዴት ያለ ጩኸት! አንጓች ላቧ ሳይደርቅ ሳቀች።

«ሰማችሁ? ‹መጣሁልሽ!› እኮ ነው ያለችኝ። በቃ፣ ስሟ መጣሁልሽ ነው።»

አዋላጆቹ እልል አሉ። ባዩህ ግን ወደ በሩ ዞሮ አየ። የሰማ ሰው ይኖር ይሆን?

በዚያው ቀን፣ ሰው ሁሉ በደስታ ሲራወጥ፣ ቦራ ጠፋች። ቦራ ግንባሯ ነጭ የሆነች፣ የቤቱ ብቸኛ ላም ናት። አራስ ያለ ወተት ምን ትሁን? ባዩህ ሸለቆውን ወረደ፣ ጋራውን ወጣ። ቦራ የለችም።

ለማጽናናት ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታቸው እሜቴ አልጣሽ ናት። አልጣሽ የመንደሩ ሀብታም ናት። አርባ ላም አላት። አሥር ጥማድ በሬም አላት፤ መንደሩ በሙሉ የሚያርሰው እሷን ለምኖ ነው።

«ጅብ በልቷት ነው፣ እህቴን! ጅብ በልቷት ነው!» እያለች ከባለቤቶቹ አብልጣ አለቀሰች። አጥሚት ቀረበላት። እየጠጣች ጠየቀች፦

«ለመሆኑ ልጅቷን ማን አላችኋት?»

«መጣሁልሽ» አለች አንጓች።

ዋንጫው ከአልጣሽ እጅ ወደቀ። አጥሚቱ በቀሚሷ ላይ ወረደ።

«ይሄ ስም ነው? ይሄማ ዛቻ ነው! ‹ቆይ፣ መጣሁልሽ!› የሚል ጠላት አይደለም እንዴ? አሁኑኑ ቀይሩት!»

«ለእኔ ዛቻ አይደለም።»

«ካልቀየራችሁ በሬዬ እርሻችሁን አይረግጥም!» ብላ ወጣች።

በዚህም አልበቃትም። የመንደሩን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ዞራ «ስሙን አስቀይሩልኝ» አለቻቸው። እነሱም በሬዋን ይፈልጋሉና ባዩህን ጠርተው፣ «ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ የሰው ስም ይዛችሁ ኑ» አሉት።

ባዩህ ሰባ ስድስት ቀን ተብሰለሰለ። ክርስትናው አራት ቀን ሲቀረው፣

«አንጓች፣ ብርቄ እንበላት። ካልሆነ አበባ እንበላት። ሰው ምን ይላል?» አላት።

«ሰው የሚለው ይህን ያህል ከቆጠቆጠህ፣ ሂድና ጠይቅ። ሦስት ቦታ ጠይቅ። የሰማኸውንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

ባዩህ ሄደ። መጀመሪያ ምንጩ ዘንድ ደረሰ። ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ «ልጄን መጣሁልሽ ልላት ነው፤ ምን ትላላችሁ?» አላቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዲት ሙሽራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ባሌ ከእርሻ ሲመለስ የሚለኝ እኮ ነው!» አለች። ይባስ ብለው ሳቁ። ባዩህ በላብ ተዘፈቀ።

ቀጥሎ እማማ ደብሬ ዘንድ ሄደ። እማማ ደብሬ ልጃቸው ለንግድ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ወሬው የለም።

«መጣሁልሽ ልላት ነው፣ እማማ።»

«እስቲ ድገመው።»

«መጣሁልሽ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«መጣሁልሽ።»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲለኝ ለመስማት ነው በሕይወት ያለሁት። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ!»

ባዩህ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። በመጨረሻ አልጣሽ ደጅ ደረሰ። ውሻው ጮኸ። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ባዩህ ጉሮሮውን ጠረገና «መጣሁልሽ...» ብሎ ጀመረ። ‹መጣሁልሽ ስለሚለው ስም ልጠይቅሽ ነው› ሊል ነበር። ማን አስጨርሶት! በሩ ድርግም!

«እኔ ምንም አልነካሁም! ሂድልኝ! ምንም አልነካሁም!»

ባዩህ ግራ ገብቶት ተመለሰ። ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። አንጓች ልጇን እያጠባች ታዳምጥ ነበር። ድንገት ቀና አለች።

«ነክተሻል አልካት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላልኳት!»

«ታዲያ ሳትጠየቅ ምን አስማላት? ባዩህ፣ ቦራ እሷ ዘንድ ናት!»

ባዩህ ዱላውን አነሣ። ወዲያው መልሶ አስቀመጠው። «ምስክር የለን። ያን ሁሉ በረት ማን ያስፈትሸናል? ሰው ምን ይላል?»

«ማንንም አንከስም። ልጃችንን በስሟ እንጠራለን። ልጅን በስሟ መጥራት ያስከስሳል?»

በማግስቱ አንጓች ልጇን አዝላ በአልጣሽ በረት ጀርባ አለፈች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «መጣሁልሽ! የኔ እመቤት፣ መጣሁልሽ!» አለች። አልጣሽ ከአጥሩ ወዲያ ቦራን እያለበች ነበር። ሰማችና ወተቱን ደፋችው። ያን ዕለት ላሟን ከበረት አውጥታ ገለባ ቤት አስገባቻት። አንጓች ግን የቦራን ኮቴ ታውቀዋለች፤ የኋላ ግራው ጫፉ የተሰበረ ነው። ዱካውን አየች፣ የት እንደገባችም አወቀች።

በሁለተኛው ቀን በገለባ ቤቱ በኩል አለፈች። «መጣሁልሽ! ንቂ እንጂ መጣሁልሽ!» አልጣሽ ከገለባው ውስጥ ራሷን ቀበረች። ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ ጠብቃ ቦራን ገደሉ ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ ደበቀቻት። አንጓች ዱካውን ተከትላ ይህንንም አወቀች።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ከዋሻው በላይ አፋፉ ላይ ተቀመጠች። ልጇን እሹሩሩ እያለች «መጣሁልሽ፣ መጣሁልሽ» ብላ አዜመች። ገደሉ ተቀብሎ «ልሽ! ልሽ! ልሽ!» አለ። አልጣሽ ከዋሻው ውስጥ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች።

«አሁን ወርጄ ልያዛት!» አለ ባዩህ።

«አይሆንም። ‹ጠፍታ ዋሻ ውስጥ አገኘኋት› ትልሃለች። ገመዱን በእጇ እንደያዘች ሰው ሁሉ ይያት። ከዋሻው የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው የሚያልፈው። ነገ ሰው ሁሉ ክርስትናው ላይ ነው ብላ ወንዝ ልታሻግራት ትነሣለች። ያኔ የአንተ ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«የእኔ?»

«የአባትየው።»

ሰማንያው ቀን ደረሰ! ልጅቷ ተጠመቀች። ቄሱ የክርስትና ስሟን ወለተ ሐና አሏት። ሰው ሁሉ ከቅጥሩ ውጭ ተሰበሰበ። እማማ ደብሬ ልጅቷን ታቅፈው ቆመዋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ውብነህ ብትራቸውን ተደግፈው ጠየቁ፦

«እህስ ባዩህ፣ የቤት ስሟን ማን አላችኋት?»

መንደሩ በሙሉ ባዩህን ያያል። ምንጭ ላይ የሳቁት አሉ። ሽማግሌዎቹ አሉ። ያቺ የፈረደባት «ሰው ምን ይላል?» ጉሮሮው ድረስ መጣች። ልጁን አያት። ልጅቱ ትልቅ ማዛጋት አዛጋች፤ ማንንም አልፈራችም። ባዩህ ያቺን ቃል እንደ ትኩስ ባቄላ ዋጣት። ደረቱን ነፋ። በዕድሜው ጮኾ የማያውቀውን ጩኸት ጮኸ፦

«መጣሁልሽ!»

እማማ ደብሬ ተቀበሉ፤ «መጣሁልሽ!» ያቺ ሙሽራ እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ሁሉ «መጣሁልሽ! መጣሁልሽ!» እያሉ አጨበጨቡ። ገደሉም ከሥር «ልሽ! ልሽ! ልሽ!» አለ።

ይኼኔ ከታች ከመንገዱ አንድ ጩኸት ተሰማ።

«ወይኔ! አትምጡብኝ! እኔ ነኝ! አርባው አልበቃኝ ብሎ ላሟን የወሰድኳት እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች አየ። እሜቴ አልጣሽ አቧራው ላይ ተንበርክካለች፤ የቦራን ገመድ በእጇ ይዛለች። ወደ እሷ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም! ዶሮ እንኳ አልተከተላትም! ቦራ ገመዷን መንጭቃ አቀበቱን እየዘለለች ወጣች፤ የአንጓችን እጅ ትልስ ጀመር። አንጓች አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ባዩህ ግን ይስቅ ነበር፤ ማን አየኝ ሳይል፣ ሆዱን ይዞ!

አባ ውብነህ አፈሩ። «እኛም ለበሬ ብለን የሕፃን ስም ልንቀማ ነበር። ስሟ ይጽናላት» አሉ። ከዚያ ፈረዱ። ቦራ ወደ ቤቷ ትመለስ። ከእሷም ጋር አልጣሽ ሁለት ጊደር ትስጥ። በዘንድሮው እርሻ የአልጣሽ በሬዎች አስቀድመው የባዩህን ማሳ ይረሱ። ልጅቷም በእግሯ እስክትሄድ ድረስ አልጣሽ በየማለዳው አንድ ቅል ወተት ራሷ ተሸክማ ትምጣ፤ አንጓች ደጃፍ ቆማም «መጣሁልሽ» ትበል።

አለች! ምን ታድርግ? በመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። በሳምንቱ ለመደችው። ልጅቷ ድክ ድክ ስትል ጊዜ ግን፣ ይሄው አልጣሽ ወተቱን አስረክባ ቶሎ አትሄድም ነበር አሉ፤ ሕፃኗን አንሥታ ሳታጫውት አትመለስም።

ባዩህስ? ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደ። አዋላጆቹ «ማን ልትለው ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ ወደ በሩ ዞሮ አላየም።

ልጆቼ፣ ተረቴን ለእናንተ፣ እፍኝ ቆሎ ለእኔ! ይህችን ደግሞ ለልጅ ልጆቻችሁ አቆዩልኝ፦

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ጆሮ ግን እንደ ልቡ ይሰማዋል።