ግንበኛውን ያባረረ ገበሬ

አንድ ሸማኔ እማሆይ ወለተ ጻድቅ ዘንድ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «እማሆይ፣ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ስለ ታላቅ ወንድሜ ነገር ሲያመላልስብኝ ኖሮ ከወንድሜ አጣላኝ። አሁን ያወራው ሁሉ ውሸት መሆኑን ደረስኩበትና ዓይንህን አልይ ብዬ አባረርኩት። ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ቁጭ በልና ስማኝ፤ ደግሞ አታቋርጠኝ» አሉና ጀመሩ።

ቤት የሚያሠራ አንድ ገበሬ ነበረ። የሣር ጎጆ ሰልችቶት በመንደሩ የመጀመሪያውን የድንጋይ ቤት ሊያቆም ተነሣ። ሚስቱ ስንት ዘመን ተስላ ተስላ ገና አሁን አርግዛለች፤ ልጄ የሚወለደው በድንጋይ ቤት ነው አለ። ከሩቅ አገር ግንበኛ አስመጣ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ ውል ገቡ። ግድግዳው ከውጭም ከውስጥም ጥርብ ድንጋይ ይሆናል፤ መሃሉም በድንጋይ ይሞላል፤ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየቦታው ይገባል ተባባሉ።

ግንበኛው እጁ አይታማም። ድንጋዩን ጠርቦ ሲደረድረው ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው ለማየት ይመጣ ነበር። ገበሬውም ማን አህሎኝ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይዞራል። ግድግዳው አልቆ ክዳኑ ብቻ ሲቀር፣ አንድ ቀን ቀንበር የሚሰቅልበት ችካል ግድግዳው ላይ ሊመታ ፈለገ። በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ ቢለው ችካሉ ጥልቅ ብሎ ገባ። ደነገጠ። ጎትቶ አወጣውና አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ነቀነቀው፤ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። በቀዳዳው እጁን ሰደደ፤ እስከ ክርኑ ገባ። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? አፈርና ገለባ! ሰውየው ክው አለ። «ልጄን እዚህ ውስጥ ላስተኛው ነበር!» ብሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሽማግሎቹ ተጠሩ። ተራ በተራ እጃቸውን እየከተቱ አዩ፤ ያየ ሁሉ ያማትባል። ግንበኛውንም «ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ከእጅህ ወጥቷል» ብለው ፈረዱበት። ዋሱም ግድግዳውን እስከ መሠረቱ ንዶ ቦታውን እንዲያጸዳ አዘዙ። ገበሬው ግንበኛውን እየተሳደበ እስከ ወንዙ ድረስ አባረረው።

በማግስቱ ዋሱ ዶማውን ይዞ ሲመጣ ግን ገበሬው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። አቤት ማማሩ! አገር ያደነቀው ቤት የድንጋይ ክምር ሆኖ ታየውና አንጀቱ እንቢ አለው። «ተወው። ሌባውን አባርሬዋለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ ዋሱን መለሰው።

ሚስቱ ይህን ብትሰማ ጮኸች። «ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? በገዛ እጅህ ዳብሰኸው የለም እንዴ?»

«ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ። አንቺ ደግሞ ፍርሃት አታጪም!» አላት። ደፈነው፤ በጭቃ ለሰነው፤ ከደነው። እሷም ወልዳ ገባችበት፤ ምን ታድርግ።

ክረምት ገባ። ያ አፈር ዝናቡን ሲጠጣ ሰንብቶ ግድግዳው አበጠ። ገበሬው ማሳ ላይ ሳለ አንድ ነገር ጓ! ብሎ ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች። ዞር ቢል ቤቱ የለም። የለም! በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በእጁ ይቆፍራል። ሕፃኑን በሕይወት አገኙት። እናቱ ላዩ ላይ ተደፍታበት ነበር፤ እሷን ግን ቢጠሯት ቢጠሯት አልመለሰችም።

ገበሬው ደረቱን እየደቃ፣ «ያ ግንበኛ ገደለብኝ! ያ ሌባ ሚስቴን ገደለብኝ!» እያለ ጮኸ።

ከፈረዱለት ሽማግሎች አንዱ አፈር በአፈር ሆኖ ከቁፋሮው ቀና አለ። «ግንበኛውንማ አባረንልህ ነበር። ግንቡን ማን አስቀረው?» አለው።

እማሆይ ይህን ብለው ወደ ሸማኔው ዞሩ። «አንተም እንደዚያው ነህ፣ ልጄ። ጓደኛህ በአንተና በወንድምህ መሃል ግንብ ሠራ። ውስጡ አፈርና ገለባ መሆኑን ዳብሰህ አወቅህ። ግንበኛውን አባረርክ፣ ደግ አደረግህ። ወንድምህን ግን ሄደህ አየኸው?»

ሸማኔው አቀረቀረ። «ገና ነኝ፣ እማሆይ። እሱ ይመጣል ብዬ...»

«እግዚኦ! በምን እግሩ ይምጣ?» አሉ እማሆይ። «ከአልጋ ከዋለ ሰነበተ እኮ! ትናንት የንስሐ አባቱን አስጠርቶ ነበር። እኔም ልጠይቀው ብገባ ያነሣብኝ አንተን ነው።»

ሸማኔው ፊቱ አመድ መሰለ። «አልነገሩኝም!» አለ።

«በግንብ ማዶ ላለ ሰው ማን ይጣራል? በል ተነሣ፤ እስትንፋሱ ሳለች ሂድና ግንቡን ናደው።»