ደግመው እስኪጠሯት የጠበቀችው ተመራቂ

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ልትመረቅ አንድ ወር የቀራት። ታሪኳ እንበላት። የተማረችው የውሃ ምህንድስና ነው። የመጣችው የጉድጓዱ ውሃ የልጆቹን ጥርስ ቡኒ ከሚያደርግበት አካባቢ ነው፤ የእሷም የፊት ጥርሶች እንደዚያው ናቸው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው ከተቃጠለ የከብት አጥንት በሚዘጋጅ የውሃ ማጣሪያ ላይ ነው። ተመርቃ መሥራት የምትፈልገውም ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ያንን ውሃ ማጣራት።

ዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎቹን ሰብስቦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያሠለጥናቸው ጀመር። አሠልጣኙ ምን አላቸው? «ቀና ብላችሁ ዓይን ዓይን እያያችሁ መልሱ። የምትችሉትን አትደብቁ። ከሰው ተዋወቁ፤ ስልክ ተቀበሉ።» ታሪኳ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ወደ ቤት ስትደውል ደግሞ እናቷ፣ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ፊት ዓይንሽን ሰበር አድርጊ። ራስሽን አታሞግሺ፤ ሰው ያሞግስሽ» አሏት።

ማንን ትስማ? እስቲ እናንተ ንገሯት። እኔ ብሆን ግራ ይገባኝ ነበር፤ እሷም ግራ ገባት። የዶርም ጓደኛዋን ፍሬሕይወትን ጠያቂ አድርጋ ስትለማመድ፣ ግማሹን ቀና ብላ፣ ግማሹን አቀርቅራ ትመልሳለች። ፍሬሕይወትም «ምን ጠፍቶሽ ነው ወለሉ ላይ የምትፈልጊው?» እያለች ትስቅባታለች።

ቀጣሪዎች ወደ ግቢው የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ታሪኳ ተሰልፋ ተሰልፋ፣ አቶ ጌዴዎን የሚባሉ የውሃ ምርመራ ላብራቶሪ ኃላፊ ፊት ተቀመጠች። ስለ ማጣሪያው ጠየቋት። ስለ ማጣሪያው ሲሆንማ ፍርሃቱ ለቀቃት። አፏን መሸፈኑን እንኳ ረሳችው። ሰውየው ደስ ብሏቸው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«እኛ ጋ አንድ ክፍት ቦታ አለ» አሏት። «ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪያችን ነይ። ሥራውን ታያለሽ፤ ከባልደረቦቼም ጋር አስተዋውቅሻለሁ።»

አሁን ልብ በሉ። ታሪኳ ምን ብላ መለሰች?

«አይ፣ እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል፤ አላስቸግርዎትም።»

ወገኖቼ፣ አትሳቁባት። እናንተስ ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ በመጀመሪያው ጥሪ እጃችሁን ትታጠባላችሁ? ሆዳችሁ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትሉ የለም? ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ እናንተ «ኧረ ግድ የለም» ትላላችሁ፤ እሱ ክንዳችሁን ይጎትታል፤ ያኔ ትነሣላችሁ። ያደግነው እንዲህ ነው። ታሪኳም ያንን «በሞቴ» ነበር የምትጠብቀው።

አቶ ጌዴዎን ግን ቃሏን አመኑ። «እሺ፣ እንደሚመችሽ» አሉና ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረውን ተማሪ ጠሩ። እሱንም አናግረው ሲያበቁ ለሰኞ ጋበዙት። «እመጣለሁ» አለ። አለቀ።

ዶርም ስትደርስ እንባዋ መጣ።

«ጠሩኝ እኮ» አለቻት ለፍሬሕይወት።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አይ አልኳቸው።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ደግመው ይጠሩኛል ብዬ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። ጨዋ ነበርኩ ወይስ ሞኝ? ብሄድ ዓይን አውጣ ይሉኛል? ብቀርስ ያ ውሃ ለማን ይተዋል? ሰኞ ጠዋት ነገሩ ሳይለይላት ተነሥታ ሄደች። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት።

«ተጠርተሻል?»

ምን ትበል?

«ተጠርቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጥበቃው ምን እንደሚያደርጋት ቸገረው። ገብቶ ለአቶ ጌዴዎን ነገራቸው። እሳቸውም በር ድረስ ወጡ። «የማትፈልጊው መስሎኝ ነበር እኮ» አሉና አስገቧት፤ ቃላቸውንም ጠብቀው ከባልደረቦቻቸው ጋር አስተዋወቋት።

ሥራውን አገኘች ወይ ትሉኛላችሁ። ያን ክፍት ቦታ ያ ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው ልጅ ተፈትኖ ወሰደው። ታሪኳን ግን በዚያ ቀን የተዋወቀቻት አንዲት ባለሙያ ከጥቂት ወራት በኋላ ለማጣሪያ ሥራ ፈልጋ ወሰደቻት፤ ዛሬ እዚያው በትውልድ ቀዬዋ ማጣሪያ ትተክላለች። በሩ ላይ ያን መልስ ባትመልስ ኖሮ ማንም አያውቃትም ነበር።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «አላስቸግርዎትም» ማለቷ ትሕትና ነበር? እኔ እንጃ። ሰው እንዲለምነን መፈለግ ትሕትና ነው? ሃያ ዓመት ሰብኬ እኔም ሁለቱን አምታታቸዋለሁ። ልለመን ብዬ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ትዝ ሲሉኝ አፍራለሁ።

እናንተስ? እግዚአብሔር ለአገልግሎት ሲጠራችሁ «ከእኔ የሚሻል አለ» እያላችሁ ስንት ዓመት ተቀመጣችሁ? እሱ ታጋሽ ነው፤ ደግሞ ይጠራል። ሰው ግን ቃላችሁን ያምናል። ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ የደወለላችሁ ወንድም አለ። «ግድ የለም፣ ተወው» ብላችሁ ዘጋችሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልካችሁን ታያላችሁ፤ ለምን አይደውልም ትላላችሁ። ተወው አላችሁት፣ ተወዋ። ከዚህ ስትወጡ እናንተ ደውሉለት።