ሻይ ያልለቀቀው ብረት

«አንድ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነበረ» ሲሉ ጀመሩ ድሬሰር መንበሩ። ጠያቂያቸው አየነው የሚባል አናጢ ነው። ልጁ አኩርፎት ልብሱን ሸክፏል፤ በነጋታው ከቤት ሊወጣ ነው። «ጋሼ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሬ መክሬዋለሁ። የነገርኩት ሁሉ ትክክል ነው። ለምን አንዱም አልገባውም?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። ድሬሰሩ አርባ ዓመት ጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸውና ምሳሌያቸውም ከዚያው አይርቅም።

ባለ ሻይ ቤቱ በሻዩ የታወቀ ነበር። ቅጠል አይሰስትም፤ እስኪጠቁር ያፈላዋል፤ አንዴ ፉት ያሉት እንደሆነ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አረገዘች። በአምስተኛው ወር ፊቷ ገረጣ፤ ከመደቡ ተነስታ በር እስክትደርስ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ደሟ አንሷል፣ ብረት ያለበት ምግብ ያስፈልጋታል፣ እንዲህ ከቀጠለች በወሊድ ልናጣት እንችላለን አሉት።

ደነገጠ፤ ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ምስር ገዛ፣ ጎመን ገዛ፣ ባቄላ አስፈጨ። ራሱ እያጎረሰ አበላት። ከእያንዳንዱ ማዕድ ጋር ደግሞ ከዚያ ከወፍራሙ ሻይ አንድ ብርጭቆ አስጠጣት። ለደንበኛ የሚቀዳውን ለሚስቱ መንፈግ ነውር መሰለው። ወሩ አለቀና ደሟ ተለካ። ጭራሽ ወርዷል።

«አላበሏትም እንዴ?» አለችው ነርሷ።

«እጄ እስኪዝል አጉርሻታለሁ።»

«ከምን ጋር?»

ነገራት። ነርሷ አልሳቀችበትም። «ያ ምላስዎን የሚይዘው ነገር ብረትም ይይዛል» አለችው። «የምስሩን ብረት ሆዷ ውስጥ ጠፍሮ ይዞት ይወጣል። ሌሎቹንም ማዕድናት አይምርም። ምግቡ ገብቷል፤ ለእሷ ግን አልደረሰም።»

አላመናትም። ሃያ ዓመት ያፈላው ሻይ ሚስቱን ሊጎዳ? ተናዶ ወጣ። ሻይ ቤቱ ገብቶ ከበሩ የዛገ ሚስማር ነቀለና ወፍራም ሻይ ውስጥ ጣለው። በማግስቱ ሲያየው ሻዩ የጽሕፈት ቀለም መስሏል። ውሃ ቢጨምርበት ጥቁረቱ አልለቅ አለ፤ ሻዩ የሚስማሩን ብረት ጠፍሮ ይዞታል። ብርጭቆውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። አዘነ፤ አፈረም።

ከዚያ ቤቱ ሄዶ ማንቆርቆሪያውን ከገበታው አነሳ። ሚስቱ ለመነችው፤ ያለ ሻይ እህል አልወርድ አላት። አማቱም ሰምተው መጡ። «ነፍሰ ጡር ያማራትን ትከለክላለህ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ብለው ተቆጡ።

«አልከለከልኳትም፣ እማማ። ምሳዋ ይርጋላትና ሁለት ሰዓት ቆይታ ትጠጣለች።»

አማቱ ሦስት ቀን አላነጋገሩትም። እሱ ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ወደ ደሟ እንዲገባ ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቀላት፤ ነርሷ የሰጠቻትን የብረት ክኒን በውሃ ብቻ አስዋጣት። መውለጃዋ ሲደርስ ደሟ ሞልቶ ነበር። በሰላም ተገላገለች።

ድሬሰሩ ወደ አየነው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ምክርህ እንደ ምስሩ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን ልጁን ሳትሰድበው የመከርከው መቼ ነው? ‹ሥራ ውደድ› ትለዋለህ፤ በዚያው አፍህ ‹አንተ የማትረባ› ትለዋለህ። ስድቡ ምክሩን ይይዘዋል፤ ልቡ ሳይደርስ ይዞት ይወጣል። አትቆጣ አላልኩህም። መቆጣትም ጊዜ አለው። ብቻ ከምክርህ ጋር አንድ ላይ አታቅርበው።»

አየነው አንገቱን ደፋ። «ሳልሰድብ መምከር አላውቅበትም፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ትማራለህ» አሉት። «ነገ ልጁ የለም።»